«እኩል ነው» ያለው ጠባቂ

አንድ የመሻገሪያ ጠባቂ ነበረ።

ባለቤቴ መምህር ሽባባው ምሳሌ ሲጀምር እንዲህ ነበር፤ ሳያንደረድር መሀሉ ይገባል። ይህን የተናገረው ትርንጎ ለምትባል ተማሪው ነው። እኔ የምጽፈው ድምፁ ጆሮዬ ላይ ሳለ ነገሩ እንዳያመልጠኝ ነው። ወንዙን በስሙ ይጠራው ነበር፤ ስሙ ጠፍቶብኛል። ሌላ ስም አልተካሁበትም። እንዲሁ ወንዝ ይባል።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ባለቤቴ በከተማችን የቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ያልገባቸው ተማሪዎች እቤታችን ይመጣሉ። የዚያን ቀን የመጡት ሁለት ናቸው። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት ካስገባች በኋላ ነው እሷም የገባችው። ደምለው የታክሲ ረዳት ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ሥራውን ቢተውም አፉን አልተወም።

የቤት ሥራቸው ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ አንድ የምስጢር ቁጥር ይይዛል። ሰው መጥቶ ቁጥር ሲያስገባ፣ ያስገባው ከምስጢሩ ጋር እኩል ከሆነ «ግባ» ይላል፤ ካልሆነ «ተመለስ» ይላል። የትርንጎ ፕሮግራም ግን ምንም ቁጥር ቢያስገቡለት «ግባ» ነበር የሚለው። እኔንም ጠርተው አስሞከሩኝ፤ ያገኘሁትን ቁጥር ነካሁ፣ «ግባ» አለኝ።

«የትርንጎ በር እኮ ነው እትዬ፤» አለኝ ደምለው እየሳቀ፣ «ሌባ ቢመጣ ቁርስ አብልቶ ነው የሚሸኘው።»

«አንተ ዝም በል! ያንተስ መቼ ተከፈተ?»

«የኔማ ለእኔም አልከፍት ብሏል። ቢያንስ ጨዋ ነው።»

ባለቤቴ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ አንድ የእኩል ምልክት ነው የጻፍሽው። ሁለት ነበር መሆን ያለበት፤ ተከታትለው።»

ትርንጎ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ እኩል ያው እኩል ነው። ሁለት ጊዜ መጻፉ ምን ይጨምራል? የአበሻ ሰላምታ ነው እንዴ፣ ጉንጭ እያፈራረቁ የሚስሙት? ከላይ ምስጢሩን ሳስቀምጥ አንድ ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ። እዚህ ደግሞ ሁለት ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ የታዘዝኩትን ብቻ የምጽፍ ከሆነ፣ ወደ መኪናዬ ብመለስ ይሻለኛል።» መኪና ያለችው የስፌት መኪናዋን ነው።

ባለቤቴ ወንበሩን ከስክሪኑ ወደ እሷ አዞረ።

«አንድ የመሻገሪያ ጠባቂ ነበረ፤» አለ።

ወንዙ ድልድይ የለውም። በበጋ ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል፤ በክረምት ግን ደጋው ላይ የዘነበውን ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። በሁለቱ ዳር ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ የተጋቡ፣ የተዋለዱ። ልጅ ወዲህ ቢኖር እናት ወዲያ ናት፤ ማሳው ወዲያ ቢሆን ገበያው ወዲህ ነው። ስለዚህ ክረምትም ቢሆን ሰው መሻገሩ አይቀርም።

መሻገሪያው ዳር፣ ውሃው ውስጥ፣ አንድ የወይራ ግንድ ቆሞ ነበር። ግንዱ ላይ አንድ ምልክት ተቆርጦበታል። ምልክቱን የቆረጠው ሰው ከሞተ ዘመናት አልፈዋል፤ እንዴት እንደቆረጠው ግን ሁለቱም መንደሮች ያውቃሉ። ወንድሙን በዚያ መሻገሪያ ላይ ውሃ ወሰደው። ሰውየው ለቅሶውን ከጨረሰ በኋላ ወረደ፣ በዚያ ቀን ጎርፉ የደረሰበትን ግንዱ ላይ ከቀረው ጭቃ አየ፣ ከጭቃው ዝቅ አድርጎ ቆረጠ። ውሃው ከዚህ ካለፈ እግር መሬት አይዝም ማለት ነው። ዓይን በጎርፍ ይታለላል፤ የቸኮለ ሰው ዓይን ደግሞ ይብሳል። ምልክቱ የተቆረጠው ለዚህ ነበር።

ደንቡ አጭር ነው። ውሃው ከምልክቱ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ ሰው ይሻገራል። ከበለጠ ይቆማል። ጠባቂው ጠዋት ጠዋት ወርዶ ያያል፣ ከዚያ ቤቱ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ያየውን ይጣራል። መንገደኛም ከያዘው እህል እፍኝ ይዘግንለታል።

የቀድሞው ጠባቂ አርጅቶ ዓይኑ ሲደክም መንደሩ በእሱ ቦታ አንድ አናጢ አስቀመጠ። ደግ ሰው ነበር፤ የእጁ ሙያም የተመሰከረለት። እሱ የሠራው መዝጊያ ከመቃኑ ጋር ከገጠመ ጭላንጭል አያሳይም። ጠማማ ነገር ካየ ግን ዕረፍት የለውም። ሰው ቤት ተጋብዞ የተቀመጠበት በርጩማ ከተነቃነቀ፣ እግሩን ሳያስተካክል እህል አይቀምስም። «እንግዳ እኮ ነህ፣ ተው!» ቢሉትም አይሰማም። መሮው ከወገቡ ተለይቶ አያውቅም።

ክረምቱ በረታ። አንድ ገበሬ እርጉዝ ሚስቱን በበቅሎ አስቀምጦ ወንዙ ዳር ደረሰ። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ እናቷ ደግሞ ወዲያ ማዶ ናት። የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል። ጠባቂው ወርዶ አየና ጉብታው ላይ ወጥቶ «በልጧል! ቁሙ!» ብሎ ተጣራ።

ቆሙ። በማግሥቱም «በልጧል!» አለ። ገበያተኛው ወንዙ ዳር ተከማቸ። በርበሬ የጫነው አለ፣ ዶሮ ያንጠለጠለው አለ፣ ለሠርግ የተጠራው አለ። ሲጠብቅ የዋለ ሰው ምላሱ ይሾላል።

«አንተ አናጢ፣ ከ‹በልጧል› ሌላ ቃል አላስተማሩህም?»

«ወንዙ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ አያስነካውም።»

«ተዉት፣ እፍኙ ጣፍጦት ነው! ሰው በተከማቸ ቁጥር ጆንያው ይሞላል።»

ይህን ሁሉ ቻለው። ገበሬው ግን አልተሳደበም። አጠገቡ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ከማለዳ ጀምሮ ወገቧን ይዟታል። ሜዳ ላይ እንዳትወልድብኝ፤» አለው።

ጠባቂው እንደገና ወረደ፤ የተከተለው ሰው አልነበረም። ውሃው ከምልክቱ ስንዝር ያህል በልጧል። ብዙ አይደለም። ግንዱ አጠገብ ቁጭ ብሎ አየው። ውሃው አንድ ቦታ ነው፣ ምልክቱ ሌላ ቦታ ነው። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ያልገጠመ ነገር ፊቱ በቆመ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያደርገው።

«መዝጊያው ከመቃኑ ካልገጠመ ይላጋል እንጂ፣ ሰው ደጅ ያድራል እንዴ?» አለ ለራሱ።

መሮውን አወጣ። ውሃው ከደረሰበት ቦታ ላይ አዲስ ምልክት ቆረጠ፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ከዚያም ሁለት ምልክት መንገደኛውን ያምታታል ብሎ ክንዱን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ አሮጌውን በመዳፉ ፈልጎ አገኘውና ላገው። ውሃ የጠጣ እንጨት ለመሮ አያስቸግርም። አለሰለሰው። ወጣና ከጉብታው ላይ ተጣራ፦

«እኩል ነው!»

አልዋሸም። ወርዶ የተመለከተ ሰው ቢኖር ኖሮ ውሃውና ምልክቱ መሀል ፀጉር እንደማይገባ ያይ ነበር። ሰዉ እልል አለ። የሰደቡት መረቁት። ጎበዞቹ ዱላቸውን ይዘው፣ ተያይዘው ገቡ፤ ውሃው ደረታቸውን እየመታ ተሻገሩ። የገበሬው ሚስት ይህን አይታ ባሏን፣ «ዛሬስ ይቅርብኝ፣ ትንሽ ይጉደልልኝ፤ ነገ በጠዋት እንሻገራለን፤» አለችው።

ደጋው ላይ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ጠባቂው ወረደ። ውሃው ከትናንቱ ምልክት አልፏል። አሁን ግን አልተጨነቀም፤ ሥራውን አውቆታል። ቆረጠ፣ ከሥር ያለውን ላገ፣ ወጣ።

«እኩል ነው!»

ገበሬው አሰበ። ሞኝ ሰው አልነበረም። «ትናንት እኩል ነበር፤ ጎበዞቹም ተሻገሩ። ዛሬም እኩል ነው። እንግዲያው ውሃው አልጨመረም ማለት ነው። ጎበዝ የተሻገረውን በቅሎ መሻገር አያቅታትም፤» አላት። ወንዙ ዓይኑ ፊት ሰፍቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። እሱ ግን ከዓይኑ ይልቅ ምልክቱን አመነ፤ አባቱም አያቱም እንዲሁ ነበር ያደረጉት። ማዶ እናቷ ወጥታ ቆማለች። ልጅቱ በቅሎዋ ላይ ሆና እጇን አነሣችላት።

መሀል ሲደርሱ የበቅሎዋ እግር መሬት አጣ።

ገበሬው የሚስቱን መቀነት በአንድ እጁ ጨበጠ፣ በሌላው ውሃውን ይመታል። ዳር የቀሩት ሰዎች የጭነት ጠፍር ቀጣጥለው ወረወሩ፤ ያዘው። ጎትተው ወዲህኛው ዳር አወጧቸው። በቅሎዋን ወንዙ ወሰዳት። ሴትየዋን ተሸክመው ከሁሉ ወደሚቀርበው ቤት አስገቧት፤ ይኸውም የጠባቂው ቤት ነበር። ምጧ እዚያው መጣ።

እናትየዋ ወዲያ ማዶ ሆና ሁሉንም አይታለች።

«ልጄ አለች ወይ?» ብላ ጮኸች።

«አለች እማማ! አለች!»

«በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ እውነቱን ንገሩኝ!»

«እያማጠች ነው እማማ! አጠገቧ ሴቶች አሉ!»

እናትየዋ ነጠላዋን አደግድጋ ውሃው ዳር ቆመች፣ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ከሰዓት በኋላ ከጉብታው እልልታ ተሰማ። እሷም ብቻዋን፣ ከማዶ፣ እልል አለች። ቀጥሎ የጠየቀችው ጥያቄ ነው ነገሩን ሁሉ የገለጠው።

«እኔስ መቼ ልሻገር?» አለች። «ልጄ አራስ ናት፤ ከእናት ሌላ ማን ያርሳታል? ውሃው ከምልክቱ ላይ ለመውረድ ምን ያህል ቀረው?»

ሰዎቹ ወደ ጠባቂው ዞሩ። ጠባቂው ወደ ግንዱ ወረደ፤ አንድ ሽማግሌም ተከትለውት ወረዱ። ግንዱ ላይ አንድ ምልክት አለ፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ ውሃው ልክ የሚነካው።

«ይህ አይደለም፤» አሉ ሽማግሌው። «የጥንቱ የታለ?»

ጠባቂው ክንዱን ውሃ ውስጥ ነከረ። መዳፉን ወደ ላይ ወሰደው፣ ወደ ታች ወሰደው። እንጨቱ ለስላሳ ነው። የራሱ እጅ ያለሰለሰው ነው።

«እዚህ ጋ ይመስለኛል፤» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ወይም እዚህ ጋ።»

«ይመስለኛል?» አሉ ሽማግሌው። «ሰው የሞተበትን ነገር ይመስለኛል ትላለህ?» ሌላ ስድብ አልጨመሩም። ወደ ማዶ ዞሩና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። «እሜቴ፣ አናውቅም!»

«ምኑን ነው የማታውቁት?»

«መቼ እንደሚያሻግር አናውቅም! አይግቡ!»

ከዚያ በኋላ ውሃው አንድ ቀን ጎደለ፣ አንድ ቀን ሞላ። ምናልባት ከጥንቱ ምልክት በታች የወረደበት ቀን ነበረ፤ ማንም ግን ደፍሮ «ዛሬ ነው» የሚላት አልተገኘም። እናትየዋ ገንፎውን አላገነፋችም፣ አራሷን አላጠበችም፤ ይህን ሁሉ ያደረገችው አራሷን ቤቷ ያቆየቻት የጠባቂው ሚስት ናት። እናትየዋ የልጁን ስም ከማዶ በጩኸት ነው የሰማችው። የተሻገረችው ወንዙ ልጅ የሚዘለው ሲሆን ነው። ያን ጊዜ የልጅ ልጇ ሰው መለየት ጀምሮ ነበር፤ ልታቅፈው ስትል ከእሷ ሸሽቶ ወደ ጠባቂው ሚስት እጁን ዘረጋ።

ባለቤቴ ምሳሌውን እዚህ ላይ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ጎንበስ አለ።

«አየሽ ትርንጎ፣ ያንቺ ፕሮግራም ያ ጠባቂ ነው። ያስቀመጥሽው የምስጢር ቁጥር ግንዱ ላይ ያለው ምልክት ነው። ሰው መጥቶ የሚያስገባው ቁጥር የዕለቱ ውሃ ነው። አንዱ የእኩል ምልክት ደግሞ መሮ ነው። በቀኝ ያለውን ወስዶ በግራ ላለው ያስይዘዋል። ከላይ ምስጢሩን ስታስቀምጪ እሱን ነው የሚያስፈልግሽ፤ ያን ጊዜ መቁረጥሽ ነው። እዚህ ታች ግን የሚያይልሽ ነበር የፈለግሽው። ሁለቱ እኩል ተከታትለው ሲጻፉ ዓይን ናቸው። ግራውን ያያሉ፣ ቀኙን ያያሉ፣ አዎ ወይም አይደለም ይላሉ፣ ምንም ሳይነኩ ይመለሳሉ። የሚያንሰውን የሚጠይቀው ምልክት፣ የሚበልጠውን የሚጠይቀውም እንደዚሁ ዓይን ናቸው። አንቺ ግን ዓይን ልትልኪ ፈልገሽ መሮ ላክሽ። መሮው ምስጢሩን ልጎ የመጣውን ቁጥር ቆረጠበት፣ ከዚያ ‹እኩል ነው፣ ግባ› አለ። ደግሞም አልዋሸሽም።»

«ስለዚህ የትርንጎ በር ሌባ በመጣ ቁጥር ሌባውን ባለቤት ያደርገዋል ማለት ነው፤» አለ ደምለው።

«ልክ ነው። አሁን ምስጢሩ የመጨረሻው የገባው ሰው ቁጥር ነው። የፊተኛውን ብትጠይቁት አያውቀውም።»

ትርንጎ አልሳቀችም። ስክሪኑን ሳይሆን መሬቱን ታያለች።

«ጋሼ፣ ጠባቂው ግን ክፉ ሰው አይደለም። አዝኖላት ነው እኮ።»

«አዎ፣ አዝኖላት ነው።»

«እሺ፣ ምን ያድርግ ታዲያ? ‹በልጧል› ብሎ ዝም ይበል? ሴትየዋ ሜዳ ላይ ትውለድ?»

ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የነበረ መሰለኝ። ወደ ስክሪኑ ዞረና ጣቱን ዝቅ አድርጎ የፕሮግራሟ መጨረሻ ላይ አስቀመጠ። ትርንጎ «ካልሆነ» ብላ የጻፈችው፣ «ተመለስ» የሚለው ቦታ ነው።

«ይህን ራስሽ ጻፍሽው፤ ማሽኑ ግን አንድም ቀን አልደረሰበትም። ከላይ ያለው መልስ ሁልጊዜ አዎ ስለሆነ እዚህ የሚያደርሰው መንገድ የለም። ጠባቂውም እንደዚሁ ነው። ‹በልጧል› ብሎ ቢጸና ኖሮ ቀጥሎ ምን ላድርግ ብሎ ማሰቡ አይቀርም ነበር። ቤቱ ጉብታው ላይ ነው። ‹ሚስትህን አስገባት፣ ሴቶች ልጥራላት፣ እናቷም ውሃው ሲወርድ ትምጣ› ይለው ነበር ገበሬውን። ልጁ የተወለደው ለነገሩ እዚያው ቤት ነው፤ እናትየዋም የምትሻገርበትን ቀን ታውቀው ነበር። እሱ ግን ‹አይደለም› የሚለው መልስ የነገር ሁሉ መጨረሻ መሰለው፤ ስለዚህ እንዳይመጣ አደረገው።»

ትርንጎ አንድ የእኩል ምልክት ጨመረች። ያገኘችውን ቁጥር አስገባች። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ «ተመለስ» አላት።

ባለቤቴም እንዲህ አላት፦ «‹አይደለም› ሲልሽ አትደንግጪ ልጄ። ከእሱ በኋላም የሚጻፍ መስመር አለ።»